በጢስ ዓባይ መንገድ፣ አንድ ጥማድ ሳር

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጢስ ዓባይ የሚጓዝ እንግዳ ልቡ ያለው ፏፏቴው ዘንድ ነው። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ግራና ቀኙን ሳያይ ይደርሳል፤ ፎቶግራፍ ይነሳል፤ አመሻሹ ላይ ዓሣ ለመብላት ወደ ከተማ ይመለሳል። አይፈረድበትም። ክረምቱ ሲወጣ ዓባይ ሞልቶ ሲወርድ ማየት ሌላውን ሁሉ ያስረሳል። እኔ ግን ይህን መንገድ የማውቀው በሌላ ጉዳይ ነው። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ለክትባት፣ ለነፍሰ ጡር እናቶች ክትትልና ሕፃናትን ለመመዘን በእግርም በመኪናም ተመላልሼበታለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ከአንዳሳ አለፍ ብላ የምትኖረውን ታላቅ እህቴን ለመጠየቅ እሄድበታለሁ። ዛሬ ላስጎበኛችሁ የፈለግሁት በዚሁ መንገድ ዳር የሚበቅለውን ሳር ነው።

«ሳር ደግሞ ምኑ ይጎበኛል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ ግን የሳር ነገር ያገባችኋል፤ በየቤታችሁ የሚፈላው ወተት መነሻው እሱ ነውና።

መንገዱ በጥቅምት እና በሚያዝያ

በጥቅምት ይህ አካባቢ ያምራል። የኑጉ ማሳ ቢጫ ለብሷል፤ ጤፉ ዘለላውን አዘንብሏል፤ በቆሎው መድረቅ ጀምሯል። በመካከሉ አጥር የተከለለ ጥቁር አረንጓዴ የጫት ማሳ፣ ከዚያ የባሕር ዛፍ ሰልፍ፣ ከዚያ ደግሞ ለከብት የተተወች ጠባብ መስክ ታያላችሁ። ከብቶቹ ጎናቸው ሞልቶ፣ ጠጉራቸው ተወልውሎ ይታያል።

ከከተማው 22 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ አንዳሳ ትደርሳላችሁ። እዚህ የቆየ የእንስሳት ምርምር ማዕከል አለ። የፎገራን የከብት ዝርያ በመጠበቅና በማራባት ይታወቃል። የፎገራ ላም ከጣና በስተምሥራቅ ካለው ሜዳ የመጣች፣ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር፣ ከአገር ላሞች በወተቷ የተመሰገነች ናት። በትውልድ ቀዬዋ ግን ሩዝ እየተስፋፋ በሄደ ቁጥር የምትግጥበት መሬት እየጠበበ መጥቷል። በባሕር ዳር ዙሪያም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አይለይም፤ መስኩን ወይ ማረሻ፣ ወይ ጫት፣ ወይ ባሕር ዛፍ ወስዶታል።

ይህንኑ መንገድ በሚያዝያ ብትሄዱበት ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል። መስኩ ተግጦ ተግጦ አፈሩ ወጥቷል። ላሞቹ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። እረኞቹ ልጆች ጠዋት የወጡ ማታ ነው የሚመለሱት፤ ሳር ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ። በሥራ ዘመኔ ይህን ከሕፃናት ሚዛን ላይም አየው ነበር። በኅዳር ጉንጩ ሞልቶ የመጣ ሕፃን በግንቦት ሲመጣ ክብደቱ ባለበት ቆሞ አገኘዋለሁ። እናቲቱን «ምን ትመግቢዋለሽ?» ስላት፣ «ሽሮ ነዋ ሲስተር፣ ላሟ ነጥፋለች» ትለኛለች። ላም ስትነጥፍ የልጁ ወተት ብቻ አይደለም የሚቀረው። ቅቤ ተሸጦ የሚገዛው ዘይት፣ ጨውና ደብተርም አብሮ ይቀራል።

እናትና ልጅ የተከራከሩበት መሬት

እህቴ ባሏ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ሦስት ላሞችና ጥንድ በሬ ነበራት። አንዲት የልጅ ልጇን ታሳድጋለች። የልጅቷ እናት ለሥራ ዓረብ አገር ናት። ልጅቷ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ስሟ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ቢኖርም ከሳምንቱ ግማሹን ከከብቶቹ ኋላ ነበር የምትውለው።

ከቤቱ ጓሮ አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ገደማ የሆነች መሬት አለች። የእህቴ ወንድ ልጅ ጫት ሊተክልባት ፈለገ። ክፉ ልጅ አይደለም። ሦስት ልጆች አሉት፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፤ ጎረቤቱ በየሳምንቱ ከጫት ብር ሲቆጥር ያያል። እህቴ ደግሞ የልማት ጣቢያዋ ባለሙያ የነገረቻትን የሮደስ ሳር ልትዘራባት አሰበች። ነገሩ በቤቱ ውስጥ ጭቅጭቅ ሆነ። ሽማግሌ ባይጠራም እኔ ተጠራሁ።

«አክስቴ፣ እባክዎ ይንገሯት፤ ለሰው የሚሆን መሬት ጠፍቶ ሳር ይዘራል እንዴ? ሳር እግዜር ነው የሚያበቅለው» አለኝ።

እህቴ ቡናዋን እየቀዳች ዝም ብላ ሰማችውና፣ «ከጫቱ ብር ይመጣል፤ አላጣሁትም። የላሚቱ ወተት ግን በዚች ልጅ ሆድ ይገባል። ደግሞስ ከብቱ ጓሮ ከበላ ከብት የምትጠብቀው ልጅ የት ትሄዳለች? ትምህርት ቤት ነዋ!» አለችው።

እኔም እንደ ባለሙያ አስተያየቴን ሰጠሁ። አንዲት ልጅ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ባሉት ዓመታት በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ቀን ከቀረች፣ ማንበብ ሳትችል ነው አምስተኛ ክፍል የምትደርሰው። ያ ከሆነ በኋላ ምን ያህል ጫት ቢሸጥ መልሶ አይገዛውም። የልጁም ዕዳ ግን እውነተኛ ዕዳ ነበር። በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው፤ ያረጀችውና ወተቷን ያቆመችው ላም ትሸጥ፤ ከገንዘቡ ግማሹ ለማዳበሪያው ዕዳ ይሁን፤ ግማሹ ለዘርና ለአጥር ይሁን፤ ሳሩ ሲደርስ ልጁ አንድ ወይፈን አደልቦበት ለራሱ ይሽጥ። ሳሩ የተዘራው በዚህ ውል ነው። ባለፈው ጥቅምት ስሄድ ሦስተኛው አጨዳ ላይ ደረስኩ።

ሮደስ ምን ዓይነት ሳር ነው?

ስሙ ባዕድ ይምሰል እንጂ ሳሩ አፍሪካዊ ነው፤ በአገራችንም በዱር ይገኛል። ስሙን ያገኘው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በርስቱ ላይ አብቅሎ ካስተዋወቀው ከእንግሊዛዊው ባለሀብትና ፖለቲከኛ ከሴሲል ሮድስ ነው። ዘለላው እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጋ ነው። ከግንዱ በመሬት ላይ የሚሳብ ሐረግ እያወጣ፣ ሐረጉም በየአንጓው ሥር እየሰደደ ክፍቱን ቦታ ይሸፍናል። አንድ ጊዜ ተዘርቶ በደንብ ከተያዘ ለዓመታት ይታጨዳል።

የሞቃት ወቅት ሳር ከሚባሉት ወገን ነው። እነዚህ ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኙ ፈጥነው የሚያድጉ ናቸው። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላም የዚሁ ወገን ናቸው፤ ስንዴ፣ ገብስና አጃ ደግሞ ቀዝቃዛውን ይመርጣሉ። ስለዚህ ሮደስ እንደ ባሕር ዳር ዙሪያ ላለ ወይና ደጋና ለቆላ ይስማማል። ውርጭ አይወድም። የደብረ ብርሃን ወይም የደብረ ታቦር ደጋ ላይ ያላችሁ አጃን ከቪች ጋር ደባልቃችሁ ብትዘሩ ይሻላችኋል። ሌላው አማራጭ ደሾ ሳር ነው። ደሾ የራሳችን ነው፤ በጋሞ ደጋ በጨንቻ ይታወቃል። ከ1,500 እስከ 2,800 ሜትር ከፍታ ይበቅላል። በዘር ሳይሆን ሥር ያለውን ግንጣይ በመትከል ይራባል፤ በእርከን ላይ ሲተከል አፈሩንም ይይዛል። እህቴም በማሳዋ ታችኛው ጠርዝ፣ ጎርፍ በሚሸረሽረው በኩል፣ አንድ ረድፍ ደሾ አስተክላለች።

አንድ ከሳዑዲ የተመለሰ የጎረቤት ልጅ የተከመረውን ድርቆሽ አይቶ፣ «ይሄማ እዚያ ለፍየልና ለግመል ስበትነው የኖርኩት ሳር አይደለም እንዴ!» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሮደስን በበረሃ ከከርሰ ምድር በተቀዳ ውኃ እያጠጡ ሲያመርቱት ኖረዋል። ውኃቸው ስለተመናመነ የአቡዳቢ አስተዳደር ለዚህ ሳር ይሰጥ የነበረውን ድጎማ እስከ ማንሳት ደርሷል። እኛ ዘንድ ክረምቱ ራሱ ያጠጣዋል።

አዘራሩ

ጤፍ የዘራ ሰው ሮደስን ለመዝራት አይቸገርም። ዘሩ እንደ ገለባ የቀለለ ብናኝ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል። መሬቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ታርሶ፣ ጓሉ ተከስክሶ፣ አረሙ ተለቅሞ እንደ ጤፍ ማሳ መለስለስ አለበት። ክረምቱ ሲገባ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ፣ ይዘራል። ለሄክታር 10 ኪሎ ያህል ዘር ይበቃል፤ ለአንድ ጥማድ 2 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ወይም ከደቃቅ አፈር ጋር አደባልቆ መበተን እኩል እንዲዳረስ ይረዳል። በጥልቀት ከተቀበረ አይወጣም። እህቴ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አስጎትታበት ስስ አፈር አለበሰችው።

በሳምንት ጊዜ ውስጥ ብቅ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ዋናው ሥራ አረም ነው። ሌላው ጥንቃቄ ከብት ማራቅ ነው፤ ሥሩ ሳይዝ ላም ከገባችበት እየነቀለች ትጨርሰዋለች። ለዚህ ነው ከላሚቱ ዋጋ ለአጥር የተመደበው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየክረምቱ መጀመሪያ የበሰበሰ ፍግ፣ ከተገኘም ጥቂት ዩሪያ ይፈልጋል። ሳሩ ከመሬቱ ብዙ ይወስዳልና ካልመለሱለት እየሳሳ ይሄዳል።

መቼ ይታጨድ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ልማድ የድርቆሽ ሳር የሚታጨደው በኅዳር፣ ዘር አፍርቶ ግንዱ እንደ እንጨት ከደረቀ በኋላ ነው። ክምሩ ትልቅ ይሆናል፤ ምግብነቱ ግን ከጭድ ብዙም አይሻልም። ለጋ ሮደስ ከደረቅ ክብደቱ 10 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ሊኖረው ይችላል። ዘር አፍርቶ ሲያረጅ ግማሹን ያህል ያጣል። የላም ሆድ ውስጥ ሳሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። መኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ7 ከመቶ በታች ሲወርድ እነሱም ይደክማሉ። ላሚቱ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች ማለት ነው። ሰውም ላይ የማውቀው ነገር ነው፤ ቂጣ ብቻ የሚበላ ልጅ ይጠግባል፤ አያድግም።

በሌላ በኩል በመስከረም አበባ ሲጀምር ቢታጨድ ዝናቡ አላቆመም፤ የታጨደው ይሻግታል። መፍትሔው እንዲህ ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ታጭዶ እርጥቡን ለከብቶቹ ይሰጣል። እንደገና የሚያቆጠቁጠው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ማበብ ይጀምራል። ያ ለድርቆሽ ይሆናል። ሲታጨድ ከመሬት አንድ እጅ ከፍ አድርጎ ነው፤ እስከ ሥሩ ከተላጨ መልሶ ለማቆጥቆጥ ይቸገራል።

በደረስኩበት ቀን የእህቴ ልጅ ጤዛው እስኪነሳ ጠብቆ ማጭዱን ያዘ። ያጨደውን በስሱ ዘረጋው፤ ከሰዓት በኋላ ገለበጠው። በጥሩ ፀሐይ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። መድረቁ የሚታወቀው ጭብጥ ሳር ወስዳችሁ ስትጠመዝዙት አንጓው ላይ እርጥበት ሳይወጣው ሲሰበር ነው። ቀለሙ ግን አረንጓዴ እንደሆነ መቅረት አለበት። ሽታው ደስ ይላል። ከመጠን በላይ ፀሐይ ላይ ከቆየ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ምግቡም ያለው ቅጠሉ ላይ ነው። እርጥቡ ከተከመረ ደግሞ ውስጥ ውስጡን ይሞቃል፤ ይሻግታል፤ አልፎ ተርፎም በራሱ እሳት ሊነሳበት ይችላል። ክምሩ ከመሬት በእንጨት ርብራብ ከፍ ብሎ፣ ከላይ ተከድኖ፣ ከማድ ቤት ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።

የእህቴ ሒሳብ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳይሆን ሒሳቡን አብረን ሠራነው። በደንብ የተያዘ ሮደስ በዓመት በሄክታር 10 ቶን ያህል ደረቅ መኖ ሊሰጥ ይችላል። ለአንድ ጥማድ 25 ኩንታል መሆኑ ነው። ከዚህ ላይ ከፊሉ በክረምት እርጥቡን የሚበላ ነው። አንዲት የአገር ላም በቀን 7 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች። ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለውን በጋ 200 ቀን ብንል፣ ለአንድ ላም 14 ኩንታል ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዱ ጥማድ ሁለቱን ላሞች ብቻውን አይቀልብም፤ ወይፈን ሲጨመርበትማ ጭራሽ። በተግባር የምታደርገው ግማሹን ሮደስ፣ ግማሹን የጤፍ ጭድ ማቅረብ ነው። ስታገኝ የኑግ ፋጉሎና የጠላ አተላ ትጨምራለች። ሦስተኛዋ ላም የተሸጠችው ለዕዳው ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ስለማይችላትም ነበር።

ውጤቱ ተአምር አይደለም። የአገር ላም የአገር ላም ናት። በፊት በመጋቢት አንድ ስኒ ወተት ብርቅ የነበረበት ቤት፣ ባለፈው መጋቢት በቀን አንድ ሊትር ያህል ያገኝ ነበር። ሁዳዴ ስለነበረ ትልልቆቹ አልቀመሱትም፤ ልጆቹ ጠጡ፤ የተረፈው ቅቤ ሆኖ ለፋሲካ ተሸጠ።

ሸክሙ በማን ላይ ነው?

ከብት ጓሮ አስሮ መቀለብ ጥሩ ነው ሲባል ማንም የማያነሳው ነገር አለ። ላሚቱ ወደ ሳሩና ወደ ወንዙ መሄዷን ስታቆም፣ ሳሩና ውኃው ወደ እሷ መምጣት አለባቸው። አንዲት የምትታለብ ላም በቀን 30 ሊትርና ከዚያ በላይ ውኃ ትጠጣለች። በአብዛኛው ቤት ይህ በሴት ጀርባ ነው የሚመጣው። እህቴ በመጀመሪያው ዓመት ወገቧ ተይዞ ሁለት ሳምንት ተኛች። ያን ጊዜ ልጇን፣ «ወይፈኑ የአንተ ከሆነ አጨዳውና ውኃው የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። አሁን አጨዳው የእሱ ነው። ላሞቹንም ማታ ወደ ወንዝ የሚነዳቸው እሱ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ እቅፍ ሳር ትሰጣቸዋለች፤ ሥራዋ እዚህ ላይ ያበቃል። በዚህ ዓመት አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ በመስከረምና በጥቅምት አንድ ቀን አልቀረችም። የእህቴ ልጅ ግን አሁንም ጫቱን አልረሳውም። ወይፈኑን ሸጦ ዕዳውን ሲጨርስ እንኳ፣ «የጎረቤቴ ብር በየሳምንቱ ነው፤ የእኔ በዓመት ነው» አለኝ። ትክክል ነው፤ መልስ አልሰጠሁትም።

የነርስነት ምክር

ወተት ከጨመረ አብሮ የሚመጣ ጥንቃቄ አለ። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ገንፍሎ እስኪፈላ ይፍላ። ወተቱ እርጎ መሆኑ ብቻ እነዚህን በሽታዎች አያጠፋም። እርጎ የምትወዱ ወተቱን አፍልታችሁ፣ ለብ ሲል ከትናንቱ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሩበት። እስከ ስድስት ወር ድረስ ሕፃን የሚያስፈልገው የእናት ጡት ብቻ ነው። የላም ወተትን እንደ መጠጥ መስጠት ከአንድ ዓመት በኋላ ይሁን፤ ከዚያ በፊት ግን የፈላ ወተት ጥቂት ገንፎ ውስጥ ቢገባ ያጠነክረዋል።

የሻገተ ድርቆሽ ለላሚቱም ለእናንተም አይሆንም። አቧራው ሳንባ ውስጥ ሲገባ ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል፤ እየተደጋገመ ከሄደ ሳንባን ይጎዳል። ክምር ስትንዱ አፍንጫና አፋችሁን በነጠላ ሸፍኑ። አስም ያለበትን ልጅ ከዚያ አርቁ። ክምር ውስጥ እባብም አይጥም ሊኖር ስለሚችል እጅ ከመክተት በፊት በመንሽ ማንቀሳቀስ ይበጃል።

በገጠር መሬት ያላችሁ፣ ወይም ለእናት ለአባታችሁ ከከተማ ገንዘብ የምትልኩ፣ ይህን ለመሞከር ሰኔን አትጠብቁ። ዘሩ በግንቦት ይፈለግ፤ ከቀበሌው የልማት ጣቢያ ወይም በአቅራቢያችሁ ካለ የምርምር ማዕከል ጠይቁ። ከሩብ ጥማድ ጀምሩ። አጥሩን ከዘሩ አስቀድሙ። ከሁሉ በፊት ግን ቤተሰቡ ተቀምጦ ማን ያጭዳል፣ ማን ውኃ ያመጣል፣ ወተቱንስ ማን ይጠጣል የሚለውን ይነጋገር። ሳሩ ከበቀለ በኋላ ይህን መነጋገር ይከብዳል።